ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር በሰማይ ምን ያህል ነው?

ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ምን ያህል እንደ ሆነ ብትጠይቁ፣ መልሱ እንደ ተጠያቂው ይለያያል። የአውቶቡስ ነጂ ቢጠየቅ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው ይላል። አይሮፕላን አብራሪ ቢጠየቅ 55 ማይል ነው ይላል፤ እርሱ የሚቈጥረው በባሕር ማይል ነውና። አክስቴን ብትጠይቋቸው ኖሮ ግን፣ «አምስት ቀን፤ አህያዋ ከደከመች ስድስት» ይሏችሁ ነበር። ሦስቱም የሚናገሩት እውነታቸውን ነው።

እኔ ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት፣ በመስከረም ወር 1992 ዓ.ም. ከእኒሁ አክስቴ ጋር ያደረግሁት ጉዞ ትዝ ብሎኝ ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ጎንደር የሚኖሩ አንድ ታናሽ ወንድም ነበሯቸው፤ ለእኔ አጎቴ ናቸው። ሁለቱ ከሰባት ዓመት በፊት ተጣልተው ነበር። የጠቡ ምክንያት አባታቸው በፎገራ ሜዳ ዳር፣ ከወረታ ብዙ በማይርቀው ቀበሌ የተከሉት ባሕር ዛፍ ነበር። አጎቴ አንድ ጊዜ ገንዘብ ቸግሯቸው እኅታቸውን ሳያማክሩ ዛፉን አስቈርጠው ሸጡት። ከዚያ ወዲህ በለቅሶም በሠርግም ቢሆን አንዱ ያለበት ሌላው አይቆምም ነበር። ሽማግሌ ብዙ ተላከ፤ ፍሬ አልነበረውም።

አንድ ቀን ማታ በጎረቤት ስልክ መልእክት መጣ። አጎቴ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ሐኪሞቹም በማግሥቱ ሆዳቸውን ቀደው ሊያክሟቸው ነው የሚል ነበር። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ብዙም አልተናገሩም። ነጠላቸውን አጣጥፈው አስቀመጡና፣ «ነገ ከመቀደዱ በፊት ልድረስ» አሉ።

ችግሩ ይህ ነበር። አውቶቡስ ከባሕር ዳር የሚነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ በዚያን ጊዜ መንገዱም እንደ ዛሬው ለስላሳ አልነበረምና፣ ሳይበላሽ ከሄደ ጎንደር የሚገባው ለስድስት ሰዓት ነው። አክስቴ የጉልበት ሕመም አለባቸው። አይሮፕላኑ ግን ጠዋት በሦስት ሰዓት ተነሥቶ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ያደርሳል ተባለ። እኔም ያጠራቀምኋትን ገንዘብ ይዤ ሁለት ቲኬት ቈረጥሁ። ቲኬቱን የቈረጠልን ልጅ፣ «እማማ፣ አይዞዎት፤ ቡና ሳይፈላ ጎንደር ነዎት» አላቸው። አክስቴም፣ «ቡናውን ማን ያፈላዋል? አንተ ነህ?» ብለው አሳቁት።

በማግሥቱ በአንድ ሰዓት ከቤት ወጥተን ከከተማው በስተ ምዕራብ ወዳለው የአይሮፕላን ማረፊያ ደረስን። ዛሬ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የሚጠራው ማረፊያ ነው። ሻንጣችን ተመዘነ፤ እኛም ተፈተሽን፤ ተቀመጥን። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አይሮፕላን የለም። አራት ሰዓት ሲሆን አንዲት ሠራተኛ መጥታ፣ ጎንደር ላይ ደመና ስለ ወረደ እስኪነሣ ድረስ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ነገረችን። ከዚያ በኋላ ያለው የጥበቃ ጊዜ ነው እንግዲህ መንገዱን ያስተማረኝ።

አክስቴ ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር የዘጌን ቡና በአህያ ጭነው ጎንደር ገበያ ይወጡ ነበር። ስለዚህ ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ሰዓቴን እያስነገሩኝ፣ ጥለነው የሄደውን አውቶቡስ በሐሳባቸው ይከተሉት ጀመር። «አሁን ሐሙሲት አልፏል። እኛ የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ ነበር የምናድረው» አሉ። ትንሽ ቈየት ብለው፣ «አሁን ጉማራን ተሻገረ» አሉ። ከዚያ ወረታ፣ ከዚያ ርብ፣ ከዚያ ይፋግ፣ ከዚያ አዲስ ዘመን። የአንዳንዱን ስም ሲጠሩ ያደሩበትን ቤት፣ የሰጧቸውን ምግብ፣ አንዲት አህያ የሞተችበትን ዳገት ሳይቀር ያነሡ ነበር። እንፍራንዝ ሲደርሱ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩትን የጉዛራን ቤተ መንግሥት ፍራሽ ከሩቅ አይተው አባታቸው ባርኔጣቸውን እንደሚያነሡ ነገሩኝ። ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ «እንግዲህ የአውቶቡሱ ሰዎች ጎንደር ገብተው ምሳ ቀርቦላቸዋል፤ እኛ የቸኰልነው ግን እዚሁ ነን» አሉ። በአጠገባችን የነበሩት መንገደኞች ሳቁ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም።

ደግሞም፣ «ያኔ ርብ ሲሞላ ውሃው እስኪጎድል ሁለት ቀን ሦስት ቀን ወንዙ ዳር እንቀመጥ ነበር። ዛሬ ደግሞ ደመና ሞላ» አሉ።

እኔም ሥራ ስፈታ አንድ ነገር ልቈጥር ብዬ ወረቀት አወጣሁ። ይህን ሒሳብ ማንም ሰው ካርታ ይዞ ሊሠራው ይችላልና ለአንባቢም ላሳየው። ምድርን ከሰሜን ወደ ደቡብ በዲግሪ ከፍለዋታል፤ አንዱ ዲግሪ ደግሞ በ60 ደቂቃ ይከፈላል። ይህ ደቂቃ የሰዓት ደቂቃ አይደለም፤ የቦታ ነው። መርከበኞች አንዱን የቦታ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ብለው ሰየሙት፤ ይኸውም 1,852 ሜትር ነው። የአይሮፕላን ሰዎችም ልማዱን ከመርከበኞች ወረሱ። የባሕር ዳር ማረፊያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ተኩል ያህል ላይ ነው፤ የጎንደሩ ደግሞ 12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ላይ። ልዩነቱ ወደ 55 ደቂቃ ይሆናል። ጎንደር ከባሕር ዳር ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው በጥቂቱ ብቻ ስለ ሆነ፣ መንገዱ ከሞላ ጐደል ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው። እንግዲህ 55 የባሕር ማይል፣ በእኛ አቈጣጠር 102 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው።

ታዲያ የምድሩ መንገድ 180 የሚሆነው ለምንድን ነው? በመካከሉ ጣና ስላለ ነው። ቀጥተኛው መስመር አብዛኛው በሐይቁ ውሃ ላይ ያልፋል። መኪናው ግን ሐይቁን በስተ ምሥራቅ ዞሮ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ ከዚያም ተራራውን ታክኮ ነው የሚሄደው። ያ ሁሉ ትርፍ መንገድ የጣና ዕዳ ነው።

የበረራውን ጊዜ መቈጠር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ይወስደናል የተባለው ፎከር 50 የሚባል፣ ሃምሳ ያህል ሰው የሚይዝ፣ ሁለት ባለ መዘውር ሞተር ያለው አይሮፕላን ነበር። ይህ ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይበራል። በዚህ ሒሳብ 102 ኪሎ ሜትር 12 ደቂቃ ብቻ መፍጀት ነበረበት። ነገር ግን አይሮፕላን እንደ ጥይት አይተኰስም፤ ሲወጣ በዝግታ ነው፣ ሲወርድም በዝግታ ነው። በእንዲህ ያለው አጭር መንገድ ላይ መውጣቱን ሳይጨርስ መውረዱን ይጀምራል። ከዚህም በላይ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ለማረፍ ዞሮ መምጣት አለ። ስለዚህ 12ቱ ደቂቃ ወደ 20 ይጠጋል። ፈጣን አይሮፕላን ቢመጣም የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ሩጫው ሳይጀመር ሜዳው ያልቃልና።

ባሕር ዳርና ጎንደር በአየር መንገድ ካርታ ላይ ጐን ለጐን መጻፋቸው የቈየ ነገር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ካደረገ በኋላ፣ በአገር ውስጥ የሣር ሜዳዎች ላይ የሚያርፉት ዲሲ 3 የተባሉት አይሮፕላኖች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ከጦርነቱ የተረፉ ነበሩና መንገደኛው ግድግዳውን ተደግፎ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጥ ነበር፤ ዕቃው በመካከል። ኋላም ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ ክር ተያይዘው ታሪካዊው መስመር ተባሉ። ጐብኚው እንደ መቍጠሪያ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘልቅበት ነበር። እኔና አክስቴ በዚያ ቀን የምንጠብቀው ይህንኑ መስመር ነበር። ዛሬ በአገር ውስጥ የሚበረው ኪው 400 የሚባለው ከፎከሩ የሚፈጥንና ብዙ ሰው የሚይዝ ነው።

ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ሁለት ማረፊያዎች ላይ ብዙ ነገር አልፏል። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በአንድ ሌሊት በሁለቱም ላይ ሮኬት ተተኩሷል፤ የጎንደሩም ጉዳት ደርሶበታል። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት በተነሣ ጊዜ ደግሞ በረራው ለቀናት ተቋርጦ ነበር። የምድሩ መንገድ ሲዘጋ፣ ሕመምተኛና ሐዘንተኛ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ አይደለም፤ «ዛሬ ያልፋል ወይ?» ብሎ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ከአዲስ አበባ የመጣው ፎከር አረፈ። ደመናው ተነሥቷል ተባለና ወደ ሜዳው ወጣን። በዳር በኩል አንድ የርግብ መንጋ ሲነሣ አየሁ፤ ደስ አላለኝም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ሜዳ ወደ አሥመራ የተነሣ ቦይንግ 737፣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ኀይል አጥቶ፣ በሆዱ መሬት ላይ አርፎ ተቃጥሏል። በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። ወሩም ያው መስከረም ነበር። ለአክስቴ ግን ይህን አልነገርኋቸውም። እርሳቸው በመሰላሉ ላይ ሲወጡ አማትበው፣ ለአስተናጋጇ፣ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ በመስኮቱ በኩል አድርጊኝ» አሏት። በስተ ቀኝ አስቀመጠቻቸው።

የፎከር ክንፍ ከጣራው በላይ ስለ ሆነ ከሥር ያለውን የሚጋርድ ነገር የለም። መንኰራኵሩ ከመሬት ሲለቅ ሰዓቴን ያዝሁ። ወዲያው ከውሃው ዳር ሁለት ታንኳ ታየን፤ ደንገሉ ቢጫ ሆኖ ያበራል። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከሥራችን ጥቁር አረንጓዴ የሆነ፣ ወደ ሐይቁ የገባ የደን ምላስ መጣ። አክስቴ ግንባራቸውን ከመስተዋቱ አስጠግተው፣ «ዘጌ!» ብለው ጮኹ። አንድ ሙሉ ቀን ቡና ሲያስጭኑ የሚውሉበት አገር አንድ ጊዜ ዓይን ሲርገበገብ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ውሃ ነው። ጣና ከሩቅ ሲያዩት ሰማያዊ ነው፤ በመስከረም ከላይ ሲያዩት ግን እንደ ጠላ አተላ የደፈረሰ ነው። በስተ ግራ የደቅ ደሴት በጭጋግ ውስጥ ተኝታለች። በስተ ቀኝ ጉማራ ወደ ሐይቁ ሲገባ ጭቃውን ይዞ እንደ ወፍ ጣት እየተከፋፈለ ይታያል። ከእርሱ ወዲያ ፎገራ፤ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ የሚያንጸባርቅ አረንጓዴ። ይህ አረንጓዴ ምን እንደ ሆነ አክስቴ ጠየቁኝ። ሩዝ ነው አልኋቸው። ሩዝ በዚያ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ ክረምት የሚተኛውን ውሃ የሚወድ እህል በመሆኑ ገበሬው ኋላ ወደደው። «እኛ ሳለን ከብት ብቻ ነበር የሚውልበት» አሉ።

ከዚያ ዝም አሉ። ቆየት ብለው በጣታቸው መስተዋቱን እየነኩ ይፈልጉ ጀመር። የሚፈልጉት የአባታቸውን ቀዬ እንደ ሆነ ገባኝ። ነገር ግን እኛ ያለነው በሐይቁ መካከል በላይ ነው፤ ወረታ ከእኛ ብዙ ኪሎ ሜትር ይርቃል። መንደሩ ሁሉ እንደ ተበተነ ጤፍ ነው። በየመንደሩ ዳር ጥቁር ነጥብ አለ፤ ነጥቡም ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። «የቱ ነው?» አሉኝ። «እትዬ፣ እኔም አላውቀውም» አልኋቸው። እስክናልፈው ድረስ አንገታቸውን አዙረው ወደ ኋላ ያዩ ነበር።

ሞተሩ ድምፁን ቀነሰ፤ ጆሯችን ተደፈነ። ሐይቁ አለቀና የደምቢያ ሜዳ መጣ፤ መገጭ በመካከሉ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከፊት ለፊት የጎንደር ተራሮች ቆመዋል፤ በወገባቸው ላይ ጠዋት እኛን ያሰረን ደመና ገና ተንጠልጥሏል። አንድ ዞር ብለን አዘዞ ላይ አረፍን። ሰዓቴን አየሁት፤ 19 ደቂቃ ነው። ከቤት ከወጣን ግን ሰባት ሰዓት ሊሆነን ነው። አውቶቡሱ ስድስት ነበር የሚፈጅበት።

ከአዘዞ ወደ ከተማው በታክሲ ወጣን። ሆስፒታሉ ግቢ ስንደርስ፣ አጎቴ በዚያን ዕለት እንዲታከሙ በተያዘላቸው ተራ አልገቡም። ለምን እንደ ሆነ ስንጠይቅ፣ ከእነርሱ በፊት አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት ደርሳ ተራው ተላልፎ እንደ ነበር ሰማን። አጎቴ አልጋ ላይ ናቸው፤ ፊታቸው ገርጥቶ ጢማቸው አድጓል። እኅታቸውን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ።

«በምን መጣሽ እትዬ?»

«በሰማይ።»

«አውቶቡስ የለም እንዴ?»

«እሱማ ቀድሞን ገብቷል» አሉ አክስቴ፤ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። ከዚያም በቀጥታ ስለ ሩዙ ያወሩላቸው ጀመር። ሜዳው እንዴት አረንጓዴ እንደ ሆነ፣ ጉማራ እንዴት ጣት እንዳወጣ፣ ዘጌ እንዴት እንደ ምላስ እንደ ወጣች። አጎቴ ሰምተው ሰምተው፣ «ቦታችንን አየሽው?» አሉ። «ፈለግሁት። ከላይ ሲያዩት የሁሉም አንድ ነው፤ አጣሁት» አሉ። ስለ ባሕር ዛፉ ሁለቱም አላነሡም። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አስተማሚዋ አልጋውን ልትገፋ ስትመጣ፣ አክስቴ የወንድማቸውን ግንባር ሳሙና እስከ በሩ ድረስ ተከትለው ሄዱ።

አጎቴ ዳኑ። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ኖሩ።

አክስቴ ጎንደር አሥራ ሁለት ቀን ተቀመጡ። ስንመለስ አይሮፕላን ይሻላል ብላቸው እንቢ አሉ። «አንድ ጊዜ አየሁት፤ ይበቃኛል። ደግሞ ለመቀመጥ ከሆነ የሚሄድ ነገር ላይ ልቀመጥ» አሉ። ጎሕ ሲቀድ በአውቶቡስ ተነሣን። ማክሰኝትን፣ እንፍራንዝን፣ አዲስ ዘመንን እያለፍን ስንመጣ ያን ዕለት በቃል የነገሩኝን ሁሉ በዓይኔ አየሁት፤ አህያዋ የሞተችበትን ዳገት እንኳ አሳዩኝ። ርብ ሞልቶ ነበር፤ ድልድይ ስላለው አለፍነው።

ወረታ ስንደርስ ግን ነጂውን፣ «አውርደኝ ልጄ» አሉት። እኔም ሻንጣውን ይዤ ተከተልኋቸው። በጭቃው ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ሄድን፤ ጉልበታቸውን እያመማቸው በዱላ እየተመረኰዙ። አባታቸው ቤት ያሠሩበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ሠርቷል፤ እነርሱም አውቀዋቸው ውሃ ሰጡን። ከቤቱ ጀርባ ያ ተቈርጦ የተሸጠው ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍ እንደምታውቁት ሲቈርጡት አይሞትም፤ ከጉቶው ሦስትም አራትም ሆኖ ያቈጠቍጣል። በሰባት ዓመት ውስጥ ቀድሞ አንድ በቆመበት ሦስት ቆሟል፤ ቁመቱም ከቤቱ ጣራ በላይ ሄዷል።

አክስቴ መካከል ገብተው ጉቶውን አንድ በአንድ እየነኩ ይቈጥሩ ጀመር። አንድ ጊዜ ተሳሳቱና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ አርባ ሰባት ደርሰው ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ወረታ አደርን፤ ባሕር ዳር የገባነው በማግሥቱ በአራት ሰዓት ነው።